«ነይ» የሚለው የጃፓን ቃል

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ከመሳቅም አልፌ የምቆጣ ሰው ነኝ፣ ነርስ ነኛ፣ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ዓይነ ጥላ ነው ተብሎ የመጣው ትኩሳት ወባ ሆኖ ሲገኝ፣ መተት ነው የተባለው ሆድ ሲመረመር ጃርዲያ ሆኖ ሲወጣ ያየሁ፣ እዚህ ፍኖተ ሰላም ጓደኞቼ «ምላሷ መርፌ ነው» የሚሉኝ። ስለዚህ እመኑኝ ብዬ አልለምናችሁም፣ እኔ ራሴ ከሌላ ሰው ብሰማው «ደክሞሻል፣ እረፊ» ብዬ ነበር የምሸኛት፣ ግን ሆነ፣ ያውም በቀን፣ ከሰዓት በኋላ፣ በጆሮዬ እየሰማሁ ሆነ።

ነገሩ የጀመረው በጃፓንኛ ነው። አትሳቁ። ቡሬ ያለች ጓደኛዬ ጃፓን ውስጥ አዛውንት የሚንከባከቡ ነርሶች ይፈለጋሉ፣ ቋንቋውን ግን ተፈትኖ ማለፍ ያስፈልጋል ብላ ነገረችኝና ቆርጬ ተነሣሁ። የጃፓንኛ አስተማሪ ፍኖተ ሰላም ከየት ይመጣል፣ ስልኬ ላይ መዝገበ ቃላት ጫንኩ፣ ኢንተርኔት ሲጠፋም የሚሠራውን ዓይነት፣ እኛ ጋ መጥፋቱን መቼም ታውቁታላችሁ። ቃሉን በላቲን ፊደል እጽፋለሁ፣ እሱ በነሱ ፊደል ያወጣልኛል፣ ጭረቱ ከየት ተነሥቶ የት እንደሚያልቅ ያሳየኛል፣ ፍቺውን በእንግሊዝኛ ይሰጠኛል፣ እኔ አማርኛውን ደብተሬ ላይ አሰፍራለሁ። የድምፅ ምልክቷን ስነካ አንዲት ሴት ቃሉን ትልልኛለች፣ ማይክሮፎኗን ስነካ ደግሞ የኔን ድምፅ ቀድቶ ከሷ ጋር እንዳስተያየው መልሶ ያሰማኛል። ወደድኩት፣ ግሳቸው እንደኛው መጨረሻ ላይ ነው የሚመጣው፣ ከእንግሊዝኛ ይልቅ ቀረበኝ ብላችሁ ታምናላችሁ?

አከራዬ እትዬ ጥሩነሽ ግን አልወደዱልኝም። በመስኮት ስለፈልፍ ይሰሙና «ምነው ልጄ፣ የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች አሉ» ይሉኛል። ገብቶኛል። እናቴ ከጅጋ አስፋልት የአንድ ሰዓት የእግር መንገድ ገባ ብሎ፣ ከታላቅ እህቴ ከአንጓች ጋር ነበሩ፣ ልባቸው ከደከመ ቆይቷል፣ መድኃኒታቸውን የምልከው እኔ ነኝ፣ ዳገት እንዳይወጡ የከለከልኳቸውም እኔ ነኝ። ከፋሲካ ወዲህ ግን አላየኋቸውም። ለጠየቀኝ ሁሉ መንገዱ አንዴ ሲከፈት አንዴ ሲዘጋ እያልኩ አስረዳለሁ፣ እውነቱን ካላችሁኝ መንገዱ ክፍት የነበረባቸው ቅዳሜዎች ነበሩ፣ እኔ ግን በነዚያ ቅዳሜዎች ቃል አጠና ነበር። የሰው እናት ልጦር ብዬ የራሴን እናት ሳላይ ሦስት ወር አለፈኝ።

ሐምሌ ላይ አፍራሽ ግስ ጋ ደረስኩ። ጃፓኖች «አይበላም»፣ «አይሄድም» ለማለት ግሱ ጫፍ ላይ «ናይ» የምትል ነገር ይቀጥላሉ፣ ብቻዋን ስትቆም ደግሞ «የለም» ማለት ነች። የስልኳ ሴትዮ «ናይ» ትላለች፣ በኔ አፍ ግን «ነይ» ሆና ትወጣለች። ደጋግሜ ቀዳሁ፣ ነይ፣ ነይ፣ ነይ፣ አፌ አልታረም አለ። አንዱን ቅጂ መልሼ ሳዳምጥ ከኔ ድምፅ በኋላ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ይሰማል፣ ከዝናቡ ኋላ ደግሞ፣ ራቅ ብሎ፣ አንድ ሰው «አቤት» ይላል።

እትዬ ጥሩነሽ ናቸው አልኩ። ሌላ ማን ይሆናል፣ ግቢያችን አንድ ነው፣ ስጣራ ሰምተው ነዋ፣ እንዲያውም ወጥቼ ይቅርታ ልላቸው አስቤ ተውኩት።

በማግስቱ እትዬ ጥሩነሽ ማኅበር ሄደው ግቢው ባዶ ነበር፣ የውጭውን በር የዘጋሁት እኔ ነኝ። እንደ ትናንቱ ዘጠኝ ሰዓት ላይ «ነይ» ብዬ ቀዳሁና መልሼ ሰማሁት። «አቤት፣ አቤት።» ቀርቧል። እኔ ጋ እኮ ዝናብ እየዘነበ ነው፣ ቅጂው ውስጥ ግን ከኔ ቃል በኋላ ዝናቡ ይቋረጥና ነፋስ ብቻ ይሰማል፣ ባሕር ዛፍ ውስጥ የሚገባ ነፋስ፣ ከዚያ ያ «አቤት»። የእናቴን አቤት አውቀዋለሁ፣ «አ»ዋን ይጎትቷታል፣ «ት»ዋን ይውጧታል፣ ሥራ ላይ ሳሉ ሲጠሯቸው ቀና ሳይሉ የሚመልሱት ነው። አንጓች ጋ ደወልኩ፣ አይሠራም። ጅጋ ሱቅ ያለው የአክስቴ ልጅ ጋ ደወልኩ፣ እሱም አይሠራም። ስልኩ ተበላሽቶ ነው፣ ጆሮዬ ነው፣ ናፍቆት ነው፣ ለበሽተኛ የምለውን ሁሉ ለራሴ አልኩ።

አሁን የምነግራችሁን ብዘለው ደስ ባለኝ። በሦስተኛው ቀን ጠዋት ሚኒባስ ወደ ጅጋ መመላለስ ጀምሯል ሲባል ሰምቻለሁ፣ ብነሣ እደርስ ነበር። አልተነሣሁም፣ ፈተናው አሥር ቀን ቀርቶታል አልኩ። ከሥራ ወጥቼ ክፍሌ ገባሁና ደብተሬን እንኳ ሳልገልጥ ማይክሮፎኗን ነካሁ። ያን ቀን ያልኩት ጃፓንኛ አልነበረም። እናቴን መስማት አማረኝ፣ በቃ፣ ቀስ ብዬ፣ ሰው ሰውን እንደሚጠራው፣ «ነይ፣ ነይ እንጂ» አልኩ። ሰባት ጊዜ ቀዳሁ፣ ሰባቱም ስልኬ ውስጥ አሉ።

በመጀመሪያው «አቤት፣ መጣሁ» አሉኝ። በሦስተኛው ላይ በትር ድንጋይ ሲመታ ይሰማል፣ ቋ፣ ቋ። በአምስተኛው ትንፋሽ አለ፣ በሥራዬ የማውቀው፣ ዳገት የወጣ የደከመ ልብ ትንፋሽ፣ ቁርጥ ቁርጥ የሚል፣ በመሐሉም «መጣሁ እኮ»። በስድስተኛው ውኃ ነው፣ ብዙ ውኃ። ሰባተኛው ላይ የኔ «ነይ» ብቻ አለ፣ ከሱ በኋላ ነፋሱም የለም።

በማግስቱ ረፋዱ ላይ አንጓች ከጎረቤት ጋር መጣች። «እምዬ ትንሽ አሟቸዋል፣ ተነሺ» አለችኝ፣ ነጠላዋን ግን ዘቅዝቃ ለብሳዋለች፣ ከዚያ ወዲያ የሚነገረኝ አልነበረም።

ከቀብር መልስ፣ ሰዉ ቀለል ሲል፣ ለብቻችን ተቀመጥን።

«ሦስት ቀን ሙሉ፣ ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን "ልጅቱ ትጠራኛለች" ይሉኛል» አለች አንጓች። «ኧረ የለችም እምዬ፣ ፍኖተ ሰላም ነች እላቸዋለሁ፣ እሳቸው ወየት ይሰሙኝ! ሁለቱን ቀን ካጥሩ ቆመው አቤት ሲሉ ዋሉ። በሦስተኛው እኔ ወፍጮ ቤት በሄድኩበት በትራቸውን ይዘው ወጡ። ወንዙን ተሻግረው ሾላው ሥር ተቀምጠው አገኘናቸው፣ ፊታቸውን ወዳንቺ አዙረው።»

ወንዙ በዚያን ሰሞን በሬ የሚያሻግር አልነበረም፣ እነ አንጓች ራሳቸው በድልድዩ ዞረው ነው የደረሱት። የእናቴ ቀሚስ ደረቅ ነበር አለችኝ።

«ምን ብላ ጠራችኝ ይሉ ነበር?» አልኳት።

«ነይ ብላ።» እያነባች ፈገግ ለማለት ሞከረች። «እኔማ እንዴት እንዲህ ታቃልልዎታለች ብዬ ተቆጥቼ ነበር። እሳቸው ደስ አላቸው። "አንቺ አለችኝኮ፣ ሆዷ ቢባባ ነው እንጂ መች እንዲህ ትለኝ ነበር" አሉ።»

እኛ ቤት እናትም አባትም አንቱ ነው የሚባሉት፣ በዕድሜዬ እናቴን «ይምጡ» እንጂ «ነይ» ብዬ አላውቅም። አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይባላል፣ እኔን ያመለጠኝን ግን ቀኑን ከነደቂቃው አውቀዋለሁ፣ ስልኩ መዝግቦታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቀናት እኔ አልጠራኋቸውም፣ ቃል ነበር የማጠናው ብዬ እምላለሁ። ሦስተኛውን ቀን ግን ለማን ልማል?

ለአንጓች ሰባቱንም አሰማኋት። ስልኩን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ሁሉንም ሰማችና መለሰችልኝ። ለሌላ ሰው አሰምቼ አላውቅም፣ ላጥፋውም ብል እጄ እምቢ ይለኛል፣ የእናቴ ድምፅ ሌላ ቦታ የለኝም። ፈተናው በሐዘን አመለጠኝ፣ ሌላ ዙር አለ ብለውኛል፣ አሁን ሳጠና ድምፅ አውጥቼ አላነብም፣ በዓይኔ ብቻ ነው።

ለአርባቸው አገር ቤት ስወርድ ስልኬን ቤት ትቼ ከሴቶቹ ጋር ውኃ ልቀዳ ሄድኩ። ማታ መዝገበ ቃላቱን ስከፍት ከሰባቱ ሥር ስምንተኛ ቅጂ አገኘሁ። ድምፁ የአንጓች ነው፣ «እምዬ፣ ይምጡ» ትላለች፣ በወጉ፣ በአንቱታ። ቅጂው ርዝመቱ ሁለት ደቂቃ ከምናምን ነው። የሷ ቃል እንዳለቀ አቆምኩት፣ ከዚያ ያለውን እስከ ዛሬ አልሰማሁም።

«አንጓች፣ ምን አሉሽ?» አልኳት።

እህል እየለቀመች ነበር። ቀና አላለችም፣ ሰፌዱን አንዴ አንገዋላ አቆመችና እንዲህ አለችኝ።

«አደራሽን ጃፓን አትሂጂ። ያን ሁሉ አገር በእግራቸው አይችሉትም።»