ከድንበሩ ማዶ አንድ ሰዓት

አያቱ የካንሳስንና የኮሎራዶን ድንበር ምልክት አልፈው መኪናውን ከመንገዱ ዳር ሲያቆሙ፣ ኤሚት እጅ ላይ ያለው ስልክ ሰዓቱን ወደ ኋላ መለሰው። አሥር ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀርቶት የነበረው፣ ዘጠኝ ሊሆን አምስት ደቂቃ ቀረው።

«አባባ፣ ተሳስተናል» አለ። «ቀጠሮው ከእኛ አንድ ሰዓት በሚዘገየው በኮሎራዶ ሰዓት ነው። ገና አንድ ሰዓት ይቀረናል።»

አቶ ቨርሊን ባርኔጣቸውን ገፋ አድርገው ሳቁ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ካንሳስ ጫፍ ላይ ኖረው፣ ዛሬም ኮሎራዶ ካለው የከብት ጨረታ አንድ ሰዓት ቀድመው እየደረሱ የተዘጋ በር ይጠብቃሉ። እናቱም ብትሆን በሰጠቻቸው ወረቀት ላይ «አሥር ሰዓት» ብላ ብቻ ነው የጻፈችው፤ የየትኛው አገር አሥር እንደሆነ አልጻፈችም።

ኤሚት የሚለውን ስም የሚያውቁት እሱና እናቱ ብቻ ናቸው። ለቀረው ሰው፣ ለአያቱም ጭምር፣ በልደት ስሙ የሚጠራ የአሥራ አምስት ዓመት ሴት ልጅ ነው። እሱ ግን ወንድ መሆኑን ካወቀ ቆይቷል፤ ይህን ለብቻው መሸከም ከብዶታል። እናቱ እንደ እሱ ያለውን ልጅ በቅጡ የሚያዳምጥ የሥነ ልቦና ባለሙያ ስትፈልግ አምስት ወር ፈጀባት። በከተማቸው ያለችው የትምህርት ቤቱ አማካሪ ብቻ ናት፤ እሷም «የዕድሜ ነገር ነው፣ ያልፋል» ብላ ሸኝታዋለች። በመጨረሻ የተገኘችው ዶክተር ማሪሶል በስልክ ቪዲዮ ታነጋግራለች። የሥራ ፈቃዷ ግን የኮሎራዶ ስለሆነ፣ ልጁ ኮሎራዶ መሬት ላይ መቀመጥ አለበት። እናቱ ሆስፒታል ተረኛ ሆና ቀረች፤ ለአያቱም «ለፈተና ጭንቀት ነው» ብላ ነው የላከቻቸው።

ብዙም ሳይቆዩ ሆባርት የሚባለው ጎረቤታቸው መኪናውን አጠገባቸው አቁሞ መስኮቱን አወረደ። በዚያ አገር የቆመ መኪና አይቶ ዝም ብሎ የሚያልፍ የለም። ጎማ ተንፍሶ ይሁን ነዳጅ አልቆ ጠየቀ፤ አንገቱንም አስግጎ ኤሚትን አየው። አቶ ቨርሊን እያረፉ መሆናቸውን ነግረው ሸኙት። ኤሚት ግን መኪናው እስኪርቅ በዓይኑ ተከተለው። እሱ ከዶክተሯ ጋር ሲያወራም ሰው እንዲህ ቢመጣስ?

«ለፈተና ተብሎ ይህ ሁሉ መንገድ?» አሉ አያቱ መስኮቱን እየዘጉ። «በሚቀጥለው ሳምንት እዚያው ትምህርት ቤት ያለችውን ሴትዮ አነጋግሪ። ለምን እንንከራተታለን?»

ኤሚት «እሺ» ቢል ለዛሬ ይተርፋል፤ ከዛሬ በኋላ ግን ወደዚህ የሚያመጣው የለም። እውነቱን ቢናገር ደግሞ አያቱ አሁኑኑ መኪናውን ሊያዞሩት ይችላሉ። በጣም ይወዳቸው ነበር፤ ፍርሃቱም ከዚያ የመጣ ነው።

«የፈተና ነገር አይደለም፣ አባባ» አለ።

እጆቹን ጉልበቶቹ መሃል ከትቶ፣ ፊት ለፊት እያየ ነገራቸው። ሴት እንዳልሆነ፣ ስሙ ኤሚት እንደሆነ፣ አማካሪዋ ምን እንዳለችው፣ አንዳንድ ጠዋት ከአልጋው መነሳት እንደሚያቅተው። መሃል ላይ ድምፁ ተቆራረጠ፤ ቢሆንም ጨረሰው።

የአቶ ቨርሊን እጅ የመኪናው ቁልፍ ላይ ነበር፤ ኤሚትም የሚያየው እጃቸውን ነበር።

«ውሸት አልነግርሽም፣ አልገባኝም» አሉ በመጨረሻ። «ግን አያትሽ የሞተች ጊዜ፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ከላሞቹ ጋር ነበር የማወራው። ሰው ጠፍቶ አይደለም፤ የሚገባው ጠፍቶ ነው። ላም መስማቱን ትሰማለች። አትመልስም እንጂ።»

ኤሚትን ሳቅም ለቅሶም አንድ ላይ መጣበት።

«ይህቺ ሴትዮ ትመልሳለች?»

«ትመልሳለች ይላሉ።»

«እንግዲያው እንጠብቃት» አሉና እጃቸውን ከቁልፉ ላይ አነሱ።

የቀረውን ጊዜ የሱፍ ፍሬ እየፈለፈሉ አሳለፉት። አያቱ ሁለት ጥያቄ ጠየቁ። አንዱ የሞኝ ጥያቄ ነበር፤ ኤሚትም የሞኝ መሆኑን ነገራቸው። ሁለተኛውን ግን መመለስ አቃተው። የልጅ ልጃቸውን ሳያስከፉ ከእንግዲህ ምን ማድረግ እንዳለባቸው ነበር የጠየቁት።

ስልኩ ሲጠራ አቶ ቨርሊን ኮታቸውን ቆልፈው ወረዱ። ሃምሳ እርምጃ ያህል ወደ ኋላ ሄደው፣ በዚያ ሁሉ ንፋስ መንገዱ ዳር ቆሙ። መኪና በቆመ ቁጥር ወደ መስኮቱ ጎንበስ ብለው ሁለት ቃል ይናገሩና ያሳልፉታል። አንድም ሰው ወደ ኤሚት አልቀረበም።

ዶክተር ማሪሶል መጀመሪያ የት እንዳለ፣ ቀጥሎም ብቻውን መሆኑን ጠየቀችው። ከዚያ ኤሚት ብላ ጠራችው። ከእናቱ ሌላ ሰው በዚያ ስም ሲጠራው የመጀመሪያው ነበር፤ ስልኩን ወደ ፊቱ አቅርቦ ያዘው። እሷም አላቻኮለችውም።

ሊጨርሱ አሥር ደቂቃ ሲቀራቸው፣ ከቤተሰቡ ማን እንደሚያውቅ ጠየቀችው። ኤሚት በመኪናው የኋላ ማሳያ መስታወት አያቱን አያቸው። አንገታቸውን ኮታቸው ውስጥ ቀብረው አንድ የጭነት መኪና እያሳለፉ ነበር።

«እናቴ» አለ። «አያቴም። ውጭ ቆመው እየጠበቁኝ ነው።» ትንሽ አሰበ። «አንድ ጥያቄ አላቸው። እኔ መመለስ አልቻልኩም። ቢገቡ ይቻላል?»

«አንተ ከፈለግህ» አለችው።

ኤሚት በመሪው በኩል ያለውን በር ከውስጥ ከፍቶ አያቱን ጠራቸው። እሳቸው በንፋሱ ባርኔጣቸውን ይዘው እስኪመጡ ድረስ፣ ስልኩን ሁለቱም በሚታዩበት አቅጣጫ አድርጎ አቆመው።