የሚያውቀው ድምፅ

የደን ጠባቂው ሬሳ ከእሳት መጠበቂያው ማማ ሥር በጀርባው ተዘርግቷል። አጠገቡ የመሰላሉ አንድ መወጣጫ ተሰብሮ ወድቋል። የጥብቅ ደኑ ሥራ አስኪያጅ መርማሪዋን ገና ከመኪና ሳትወርድ ተቀበላት።

«አደጋ ነው። ይሄ መሰላል ይቀየር ብዬ ስንቴ ጻፍኩ! ማን ሰምቶኝ?»

መርማሪዋ ቀጠን ያለች፣ የማትቸኩል ሴት ናት፤ ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል። ቁጢጥ ብላ የሟቹን ጫማ አየች። የትናንቱ ዝናብ የማማውን ሥር ጥቁር ጭቃ አድርጎታል፤ የራሷ ጫማ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተለውሷል። የሟቹ ሶል ላይ ግን የተለጠፈው የጫካ ቅጠል ብቻ ነው። ኮሌታውን ገለጥ ስታደርግ ጣቷ ላይ ደቃቅ ቀይ ሰጋቱራ ቀረ።

ሟቹን ሰው ሁሉ «ሻለቃ» ይለው ነበር፤ ወታደር ሆኖ ሳይሆን፣ ለጫካው ሲል ዘመድ ጎረቤት ስለማይምር።

መጀመሪያ የሻለቃን ምክትል አነጋገረች። የጽሕፈት ቤቱን ፒክአፕ የሚነዳውም፣ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ የሚይዘውም እሱ ነው።

«መጨረሻ ያየኸው መቼ ነው?»

«ትናንት ዝናቡ ሲያባራ። ‹ማማው ላይ ወጥቼ ጭስ ልይ› ብሎኝ ሄደ።»

«ጠላት ነበረው?»

«ጫካ ጠባቂ ምን ወዳጅ አለው? የገዛ ሚስቱ ወንድም፣ ያ ከሰል አክሳዩ፣ ‹አንድ ቀን እደፋሃለሁ› ሲለው በጆሮዬ ሰምቻለሁ።»

ከሰል አክሳዩ ዓይኑ በጭስ የቀላ ጎልማሳ ነው። ሲጠየቅ አልካደም።

«ብያለሁ። መጥረቢያዬን ሲቀማኝ ታዲያ ምን ልበለው፣ እግዜር ይስጥልኝ? የማርሰው መሬት የለኝ፤ ልጆቼ ደግሞ ሆዳቸው ሕግ አያውቅም። ማታ ቤቱ ተቀምጬ እህቴ ታበላኛለች፣ እሱ ይመክረኛል። ጠዋት ጫካ ውስጥ ሲያገኘኝ ያስረኛል። እንዲህ ያለ አማች ነው የሰጠኝ!» የሳቀ መሰለ፤ ከዚያ ፊቱን በክንዱ ሸፈነ።

የሟቹ ሚስት ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለችው ክፍላቸው፣ አልጋው ጫፍ ላይ ኩርምት ብላለች።

«እህቴ፣ ትናንት ሲወጣ ምን አለሽ?»

«ምንም።»

«ወንድምሽን የምታድኚ መስሎሽ ከሆነ፣ እየደበቅሽ ያለሽው ሌላ ሰው ነው።»

ሴትዮዋ እንባዋ ቀደማት። «በር ላይ ቆሞ ጆሮውን ወደ ጫካው ጣለ። ‹ይሄን ድምፅ አውቀዋለሁ› አለና ፊቱ ተለዋወጠ። በዚያው ሮጠ። እኔ ጆሮዬ ደከም ያለ ነው፤ ምንም አልሰማሁም። ወንድሜን ነው ያለው ብዬ…»

መርማሪዋ ደጅ የቆመውን ፒክአፕ ዞራ አየችና ዕቃ ቤቱን አስከፈተች። ጥግ ላይ፣ ጆንያ ሥር የሞተር መጋዝ አለ።

«ተበላሽቷል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምክትሉ ከነገረኝ ቆየ። ይጠገን ብዬ ጽፌ…»

«ማንም አልሰማዎትም። ገባኝ።» መሰልቸቷን አልደበቀችም። መጋዙን አንጠልጥላ ወጣች፤ ሁሉም በረንዳው ላይ እንዲሰበሰቡ አዘዘች።

ሲሰበሰቡ የመጋዙን ገመድ ሳበች። በአንድ ጊዜ አጓርቶ ተነሣ። አጠፋችውና ምክትሉን አየችው።

«ለተበላሸ ዕቃ ጥሩ ጉሮሮ አለው። ሻለቃ ማማው ሥር አልሞተም። በእግሩ ቢመጣ ጫማው ጭቃ ይነካ ነበር፤ ተሸክመው ነው ያመጡት። የሞተውም ሰጋቱራ ካለበት ቦታ ነው። ከሰል አክሳዩ ያለው መጥረቢያ ነው፤ መጥረቢያ ፍንካች ያወጣል እንጂ ሰጋቱራ አያወጣም። ሻለቃ አውቀዋለሁ ያለው የሰው ድምፅ አይደለም፤ የገዛ መሥሪያ ቤቱን መጋዝ ነው። ቁልፉ ያለው አንተ ጋ ነው። ፒክአፑም ጎማው በጭቃ ተለውሶ፣ የጭነቱ ቦታ ብቻ ታጥቧል። መወጣጫውን ሰብረህ አጠገቡ ጣልክ።»

ምክትሉ የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አውጥቶ በረንዳው ላይ አስቀመጠ።

«ስንቱን ዛፍ ቆራጭ ለፖሊስ ይዘን አስረከብን! እኛ ከጣቢያ ሳንመለስ እነሱ ቀድመውን ጫካ ይገባሉ። ማለቁ ላይቀር፣ ሌላው ከሚበላው እኔ ልብላው አልኩ። ዛፉን ስጥለው ደረሰብኝ። ‹አንተም?› አለኝ። መጋዙን ሊነጥቀኝ ሲታገል ገፈተርኩት፤ በማጅራቱ ጉቶው ላይ ወደቀ።»

ከሰል አክሳዩ ሊሰነዝር ሲነሣ እህቱ እጁን ያዘችው። «ተወው» አለችው። «ባሌ የሚያምነው ይሄንን ሰው ብቻ ነበር።»

አብረዋት የመጡት ፖሊሶች ምክትሉን ወደ መኪናው ሲወስዱት ሥራ አስኪያጁ ግንባሩን ጠረገ። «እንግዲህ ጉዳዩ ተዘጋ።»

«የእኔስ ተዘጋ። ከዛሬ ጀምሮ ደኑን የሚጠብቀው ማን ነው?»

«ቅጥር እስኪፈቀድ ድረስ… እጽፋለሁ።»

መርማሪዋ ወደ መኪናው ስትሄድ፣ በመንገዱ ላይ አንድ ሽማግሌ ከብቶቻቸውን ከፊት አስቀድመው መጡ። እሷን ሲያዩ ቆም ብለው ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ጠባቂው አረፈ ሲሉ ሰማን። ነፍስ ይማር፤ ደግ ሰው ነበር» አሉ ከልባቸው። ከዚያ ከብቶቻቸውን ሻለቃ ይዘጋው በነበረው፣ አሁን ክፍት በሆነው በር ወደ ደኑ ነዷቸው።