ሁለት ዓመት ያልሞላው ውል

መምህር ላቀው ሐሙስ ጠዋት ሞተው የተገኙት ሲቀላ ሰፈር፣ ከመናኸሪያው ጀርባ ባለው የወይዘሮ ማሚቱ ግቢ፣ በሦስት ቁጥር ክፍል ውስጥ ነው። በሩ ከውስጥ ተቀርቅሯል፤ መስኮቱም ለትንኝ ሲባል ተዘግቷል። ከገረሴ የመጡት ጡረተኛ መምህር አልጋቸው ላይ በጎናቸው ተኝተው ነበር። የኪራይ ውላቸው በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ትራሳቸው ሥር ተቀምጧል። ክፍሉ ነጭ ሽንኩርትና የበሰበሰ ዓሣ ይሸታል።

ሐኪሙ አላመነታም፤ የገደላቸው ከእህል ጋር ከሚከተት የነቀዝ ክኒን የሚወጣ ጋዝ ነው። ከጎናቸው ባለው አራት ቁጥር ደግሞ ሙህሲን የሚባል ነጋዴ በቆሎ ያከማቻል። ፖሊስ እንዲህ ሲመቸው ሩቅ አይሄድም፤ ሙህሲን በዚያው ቀን ታሰረ። ዓርብ ከሰዓት በኋላ ፍርድ ቤት ይቀርባል። ሚስቱ ዙሁራ የምሳ ቋጠሮዋን ይዛ ከጣቢያው በር አልነቃነቅ ብላለች።

ምርመራው የተሰጣት ኢንስፔክተር ባዩሽ ዓርብ በማለዳ ግቢው ደረሰች። ስለታም ሴት ናት፤ ምላሷም እንደዚያው። ያን ቀን ግን ምላሷ መረራት። ሰኞ ጠዋት መምህር ላቀው ጠረጴዛዋ ፊት ቆመው ነበር።

«ልጄ፣ ዛሬ ከግድግዳው ወዲያ የሚሸት ነገር መጥቷል፤ ራሴን ያዞረኛል።»

«አባባ፣ እኛ ሌባ እንጂ ሽታ አንይዝም። ቀበሌ ይሂዱ።»

መዝገብ ላይ አላሰፈረችውም። ባልደረባዋ ሳጅን ካሱም አብሯት ስቆ ነበር። ሽማግሌው አመስግነው ወጡ፤ የሚያንገበግባት ደግሞ ማመስገናቸው ነው።

የግቢው አስተዳዳሪ ኢሳያስ ፋይሉን በብብቱ ይዞ ባዩሽንና ካሱን ተቀበላቸው። አምስት ግቢ ያስተዳድራል፤ አምስት ክፍለ ሀገር የሚገዛ ነው የሚመስለው።

«ሌሎቹ አስተዳዳሪዎች እስከ ዛሬ በቃል ያከራያሉ» አለ። «እኔ ግን አዲሱ የኪራይ አዋጅ ሲወጣ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ከነአንቀጹ ጠይቂኝ።»

«መምህሩን ማስወጣት ትችል ነበር?»

«በፍጹም! የመኖሪያ ቤት ውል ከሁለት ዓመት አያንስም። እሳቸው ገና አሥር ወራቸው ነው። ኪራይ አያስተጓጉሉም፤ ሰው አይረብሹም። በምን ምክንያት አስወጣለሁ?»

«አንድና ሁለት ቁጥር ለምን ባዶ ሆኑ?»

«ተስማምተው ለቀቁ። መጋዘን ይሆናሉ። አዋጁ የሚመለከተው መኖሪያን ነው፤ በቆሎ ደግሞ መብቴ ተነካ ብሎ አይከስም።» ብቻውን ሳቀ።

«የአራት ቁጥር ቁልፍ ማን ዘንድ አለ?»

«አንዱ ሙህሲን ጋ፣ ትርፉ እኔ ጋ። የማስተዳድረው ቤት ቁልፍ ከእጄ አይወጣም።»

ባዩሽ አራት ቁጥርን አስከፍታ በኩንታሎቹ ላይ ወጣች። ግድግዳው እስከ ቆርቆሮው አይደርስም፤ ሁለቱን ክፍሎች ከላይ የሚለያቸው ማዳበሪያ የተወጠረበት ክፍተት ነው። ማዳበሪያው ተቀዷል። ከቀዳዳው ሥር፣ በግድግዳው ራስ ላይ፣ አመድ የመሰለ የክኒን ትራፊ ዱቄት ሁለት ቦታ ተከምሯል፤ አንዱ ቁንጥር የሚያህል፣ አቧራ የለበሰ፣ ሌላው እፍኝ ሙሉ። በኩንታሎቹ መካከል ምንም የለም። ሸራም አልለበሱም።

ከዚያ ወደ ጣቢያ ተመልሳ ሙህሲንን አስጠራች።

«እህቴ፣ እኔ ነጋዴ እንጂ እብድ አይደለሁም» አለ። «ክኒን የሚገባው ኩንታል ሥር ነው፤ ከዚያ ሸራ ይለብሳል፣ በሩ ላይም ይጻፍበታል። ግድግዳ ራስ ላይ ምን ይሠራል? ነቀዝ ጣሪያ ይበላል?»

«ካስቀመጡት በኋላ በስንት ጊዜ ይሸታል?»

«በዚህ ወበቅ? በሰዓታት ውስጥ ነው።»

«ሰኞ የት ነበርክ?»

«ካምባ። ቅዳሜ ለግዢ ሄጄ ማክሰኞ ማታ ገባሁ፤ አውራጃው ሁሉ ያየኝ ሰው ነኝ። ረቡዕ አመሻሽ ላይ መጋዘኑን ስከፍት ሸተተኝ። አይጥ ሞቷል ብዬ መልሼ ዘጋሁት።» አንገቱን ደፋ። «የመምህሩ በር ሁለት እርምጃ ነው። አላንኳኳሁም። ወላሂ፣ አላንኳኳሁም።»

ባዩሽ ልታጽናናው ፈልጋ ተወችው። እሷስ ምን አድርጋለች?

ወይዘሮ ማሚቱ ከጸሎት ቤት ሲመለሱ ባዩሽ የግቢው በር ላይ ጠበቀቻቸው።

«ኢሳያስን ጠይቂው ልጄ፤ እኔ የሕግ ነገር አይገባኝም። ግቢውን ሁሉ መጋዘን ብናደርገው አዋጁ አይነካንም አለኝ። ይኸው፣ ሦስት ቁጥርንም አከራይቶልኛል።» ከቦርሳቸው ውል አወጡ።

ባዩሽ ቀኑን አየች። የተፈረመው ባለፈው ዓርብ ነው፤ መምህሩ ሊሞቱ ስድስት ቀን ሲቀራቸው።

«ሰው እየኖረበት?»

«ይወጣሉ አለኛ! ቆይቶ ደግሞ ‹ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም፤ እምቢ አሉኝ› ሲል፣ እኔም አንድ ሽማግሌ አቃተህ ወይ ብዬ…» ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ።

ከቀኑ ስድስት ሰዓት ላይ ሁሉም ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ፤ ወይዘሮ ማሚቱ፣ ኢሳያስ፣ ካሱ በካቴና አስሮ ያመጣው ሙህሲን፣ ዙሁራ፣ ዓቃቤ ሕጉ አቶ ሸዋንዳኝ።

«ክኒኑ ለበቆሎው ቢሆን ኖሮ ኩንታል ሥር እናገኘው ነበር» ብላ ጀመረች ባዩሽ። «የተቀመጠው ግን ቀዳዳው ሥር ነው። ስለዚህ የታሰበው ለነቀዝ ሳይሆን ለሰው ነው። የተቀመጠውም ሁለት ጊዜ ነው፤ መጀመሪያ ጥቂት፣ ኋላ ብዙ። ጥቂቱ ሰኞ ሲሸት ሙህሲን ካምባ ነበር። ሌላው ቁልፍ ከኢሳያስ እጅ እንደማይወጣ ራሱ ኢሳያስ ነግሮኛል።»

«ቁልፍ መያዝ ወንጀል ነው?»

«አይደለም። ግን ሰው የሚኖርበትን ክፍል ዓርብ ዕለት ለሌላ አከራየህ።»

«ተሳሳትኩ! ሕጉ በየጊዜው ይቀያየራል፤ በአሮጌው ልማድ ማስጠንቀቂያ ከሰጠሁ የሚበቃ መስሎኝ ነው።»

«አልተሳሳትክም። ዛሬ ጠዋት በፍጹም ማስወጣት አልችልም ያልከኝ አንተ ነህ። ሕጉን የማያውቅ ሰው ማስጠንቀቂያ ጽፎ ይልክ ነበር። አንተ ስለምታውቀው ነው ግድግዳ ላይ የወጣኸው። በሕግ የማይወጣውን ሰው ክፍል ለአዲሱ ተከራይ ቀን ቆርጠህ ፈረምክለት፤ ከዚያ በኋላ ቀኑ ያሯሩጥህ ጀመር።»

ኢሳያስ ወደ ዓቃቤ ሕጉ ዞረ። «ጌታዬ፣ ሰኞ ሸተተ ያለው ማነው? አንድና ሁለት ቁጥር ባዶ ናቸው። ሟቹ ተነስቶ መሰከረ?»

እውነቱን ነው፤ ሰኞን የሚያውቅ በሕይወት ያለ ምስክር ከሌለ ረቡዕ ብቻ ይቀራል። ረቡዕ ደግሞ ሙህሲን ከተማ ነበር። ዙሁራ ቋጠሮዋን ደረቷ ላይ አጥብቃ ያዘች።

«ለእኔ ነግረውኛል» አለች ባዩሽ።

«መዝገብ ላይ አለ?» አሉ አቶ ሸዋንዳኝ።

«የለም። ቀልጄባቸው ወደ ቀበሌ ላክኋቸው። ሄጄ አይቼ ቢሆን ያቺን ቁንጥር ዱቄት አገኛት ነበር፤ እፍኙም አይመጣም ነበር።»

«ባዩሽ፣ ይህን ቃል ከሰጠሽ እንጀራሽን ነው የምትሰጪው።»

«ያለዚህ ሙህሲን አይፈታም።»

ያን ጊዜ ኢሳያስ ወደ ሦስት ቁጥር በር ዞረ። ፋይሉ ከብብቱ ወደቀ። «ሽታ ብቻ ነበር» አለ። «ሸቷቸው እንዲወጡ ብቻ! ሰኞ አልወጡም። ረቡዕ ከሰዓት ጨመርኩበት… መስኮቱን ይከፍታሉ ብዬ እኮ ነው! እሳቸው ውስጥ እያሉ በሩ ላይ ሁለቴ ቆሜ ነበር፤ ልንገራቸው ብዬ። ምን ብዬ ልንገራቸው?»

ወይዘሮ ማሚቱ ያለቅሳሉ፤ ለማን እንደሚያለቅሱ ግን ለራሳቸውም አልለየላቸውም። ካሱ ካቴናውን ከሙህሲን እጅ ፈትቶ ኢሳያስ እጅ ላይ አደረገው። ሙህሲን ሚስቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ሦስት ቁጥር በር ላይ ቆሞ እጁን አነሳ፤ ሳያንኳኳ መለሰው።

ባዩሽ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

«ካሱ፣ ወረቀት አውጣ። ቃሌን ተቀበል።»

ካሱ ቅጹን አውጥቶ እስክሪብቶውን አነሳ። «ኢንስፔክተር… ምስክር ብዬ ልጻፍ ወይስ ተጠያቂ?»

«ስሜን ጻፍ» አለችው። «ሌላውን ክፍት ተወው።»