የጸዳል ድንጋይ የሰማው ቃል

የጸዳል ወንዝ ሽቅብ ወደ ምንጩ በተመለሰ ዕለት የአርማዜን መንግሥት ሰው ሁሉ አንድ ነገር ጠየቀ፤ «ዘንዶውን ማን ይገድለዋል?» ናሂሌ ግን ሌላ ነገር ጠየቀች። ደግሞስ መቼ ሰው የጠየቀውን ጠይቃ ታውቅና! ከሕፃንነቷ ጀምሮ አሳዳጊዋን አባ ገለሞን በ«ለምን» ያደከመች ልጅ ናት።

«ለመሆኑ ድንጋዩ ምን ነበር ያለው?» አለች፥ አደባባዩ መካከል ቆማ።

በአርማዜን መሬት የሚሰጠው በቃል ነው። ሰጪው በመሬቱ ላይ ድንጋይ አቁሞ ይናገራል፤ ድንጋዩም የሰማውን አይረሳም፥ ጆሮውን ለጣለበት ሁሉ ይደግመዋል። ለዘላለም የሚሰጥ መሬት አለ፤ በዕድሜ ልክ የሚሰጥም አለ። በዕድሜ ልክ የያዘ ፍሬውን ይበላል እንጂ መሬቱን አያበላሽም፤ ከእርሱ በኋላ ተራው የሚደርሰው ተጠባባቂ አለና። ቃሉ ያለቀበትን ያዥ ደግሞ ምድሪቱ ራሷ አትሸከመውም።

የጸዳልን ሸለቆ የጥንቱ ንጉሥ አንዛር ለዘንዶው ለዝርዋን በዕድሜ ልክ፥ ከዚያም ለሕዝቡ እንደሰጠው ሁሉም ያውቃል። ዘንዶ በራሱ ጊዜ አይሞትም። ስለዚህ ጀግኖች እየተፈራረቁ ጦራቸውን ይዘው ወጡ፤ አንዳቸውም አልተመለሱም። ሸለቆው ውስጥ ገብቶ ድንጋዩን ያዳመጠ ግን የለም። አሁን ወንዙ ሄደ። ውሃው ካልተመለሰ የታች ጸዳል ሕዝብ ቤቱን ጥሎ መሰደዱ ነው።

ናሂሌ ስትነሣ ሁለት ሰዎች ተከተሏት። አንደኛው ጦረኛው መክት ነበር፤ ወንድሙን ዘንዶው የበላበት፥ የሚቆጣውም የሚስቀውም በአንድ ድምፅ የሆነ ሰው። ሁለተኛው አባ ገለሞ ናቸው። ዕድሜያቸውን ራሳቸውም አያውቁት፤ የዛሬ ሽማግሌዎች ልጆች ሳሉ እንኳ እርሳቸው ሽማግሌ ነበሩ።

በመንገድ ላይ የአባ ገለሞ የክታብ ማሰሪያ ሊበጠስ ደረሰ። ናሂሌ ደርባ ቋጠረችላቸው።

«ይህን ክታብ ማን አሰረልዎ፥ አባባ?»

«እንጃ ልጄ። ነፍስ ሳውቅ አንገቴ ላይ አገኘሁት። ሞት እንደሆነ ረስቶኛል፤ እኔም አላስታወስኩት።»

በሸለቆው በር ዝርዋን ተጋድሞ ነበር። ወርዱ የበሩን አለት ሞልቶታል፤ ሲተነፍስ የተራራው ጠጠር ይረግፋል። ናሂሌ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ማለች፦

«እኔ ናሂሌ፥ የታች ጸዳል ልጅ፥ ተጠባባቂ ነኝ! ይዞታህን አልነካም። ተጠባባቂ የነገ መሬቱ እንዳይበላሽ ገብቶ ያያልና አሳልፈኝ። ብዋሽ ምድር አትሸከመኝ!»

ዘንዶው ሰውነቱን ሰብስቦ በሩን ለቀቀ። «ግቢ፥ ተጠባባቂዋ። እኔ ሕግ አክባሪ ነኝ። ውሃውንም አላጠፋሁትም፤ በጅራቴ ገደብኩት እንጂ። በጊዜዬ የምጠጣው የራሴን ነው።» ከዚያ ዓይኑ ሽማግሌው ላይ ዐረፈ፤ ድምፁም ለሰለሰ። «ገለሞ! ምነው ከሳህ? ይህ ነፋስ እኮ አይስማማህም። ና፥ ፀሐዩ ጋ ተቀመጥ። አንተ ባለጦር! ራቅ በልለት! አደናቅፎህ ብትወጋውስ?»

ነገሩ ናሂሌን ከነከናት። የጀግና ጦር ያላስፈራው ዘንዶ ለአንድ ሽማግሌ ብርድ ምን አስጨነቀው? ስማቸውንስ ማን ነገረው? ጠይቃ ጊዜ አላባከነችም፤ በሩ ውስጥ ወደቆመው ድንጋይ ሮጣ ጆሮዋን ጣለችበት።

የንጉሥ አንዛር ድምፅ ትናንት የተነገረ ያህል ጠርቶ መጣ። «ዝርዋን ሆይ! በጦርነት ስለረዳኸኝ ጸዳልን ያዛት፤ በዚህች ሸክላ ሠሪ እቅፍ ባለው ጨቅላ፥ በገለሞ ዕድሜ ልክ። እርሱ ሲሞት ዛሬ ላልተወለዱት የሕዝቤ ልጆች ሁሉ ትሁን።» ከቃሉ በኋላ የደከመ ሕፃን ልቅሶና የንጉሡ ሳቅ ተሰማ።

ናሂሌ የሰማችውን ጮክ ብላ ደገመችው። የመክት ጦር ከእጁ ወደቀ።

«ታዲያ ወንድሜ የሞተው ለምንድን ነው?» አለ። «ይህን አውሬ ቢገድለውስ ኖሮ?»

«ገለሞ በሕይወት እስካለ ሌላ ዘንዶ ይወርሰኝ ነበር» አለ ዝርዋን። «ንጉሣችሁ በሞት አፋፍ ላይ ያለ ጨቅላ መርጦ በእኔ ላይ ሳቀ። መሬቱ በሳምንቱ እንዲመለስለት! እኔ ደግሞ ከደሜ ጠብታ ወስጄ፥ በቆዳ ሰፍቼ፥ እንዳይሞት ሕፃኑ አንገት ላይ አሰርኩ። ገለሞ፥ እንደ እኔ የተንከባከበህ ማን አለ?»

«እሷ አለች» አሉ አባ ገለሞ፥ ናሂሌን እያዩ። ሳቁ፤ ሳቃቸውም ወደ እንባ ተለወጠ። «ለካስ ሞት አልረሳኝም። ተከልክሎ ኖሯል።»

እጃቸውን ወደ ክታቡ ሰደዱ። ዝርዋን ምድር አናወጠ፤ ግን ናሂሌ ከሽማግሌው ጋር ተጣብቃ ስለቆመች፥ እሷን ሲመታ እርሳቸውን እንዳይገድል ፈርቶ ጥፍሩን መለሰ። አባ ገለሞ ቋጠሮውን ታገሉት። ደርባ የቋጠረችው ነበርና እምቢ አላቸው።

«ፍቺልኝ፥ ልጄ።»

«አልፈታም! ሌላ መንገድ ይኖራል፥ እንጠይቅ!»

«ዕድሜሽን ሙሉ ስትጠይቂ ኖረሻል። ይኸው መልሱ መጣ።»

ናሂሌ አለቀሰች። የምትወደው ሰው እርሳቸው ብቻ ነበሩ። እንባዋን ሳትጠርግ የመጨረሻውን ጠየቀች። «ይፈራሉ?»

«ትንሽ። ከፍርሃቱ ይልቅ ግን ጓጉቻለሁ። እዚያ ምን እንዳለ ማየት እፈልጋለሁ። ይህን አመል ያስያዝሽኝ አንቺ ነሽ።»

ቋጠሮውን በጥርሷ ፈታችው።

አባ ገለሞ እቅፏ ውስጥ ቀስ ብለው ዐረፉ። በዚያችው ቅጽበት ዝርዋን ክብደቱን አጣ፤ ምድሪቱ አልሸከም አለችው። ጥፍሩ አፈር እየቧጠጠ ተነሣ፥ ነፋስም ከተራራው ማዶ ወሰደው። የተገደበው ውሃ ተለቀቀና እየጮኸ ወደ ታች ጸዳል ወረደ።

ሕዝቡ እየዘፈነ መጣ። አባ ገለሞን እዚያው ሊቀብሯቸው ሲሉ አንድ ሽማግሌ ድንጋዩን አዳምጦ አንገቱን ደፋ። «ምድሪቱ የተሰጠችው ያን ዕለት ላልተወለዱት ነው። ሁላችንም ድርሻ አለን። ከእኛ መካከል ያን ዕለት ተወልደው የነበሩት እርሳቸው ብቻ ናቸው፤ ለመቃብራቸው እንኳ ድርሻ የላቸውም።»

መክት ሊጣላ ተነሣ። ናሂሌ ግን ከወንዙ ዳር ትንሽ ድንጋይ አምጥታ አቆመች።

«እኔ ናሂሌ» አለች፥ «ይህችን ቦታ ከድርሻዬ ለአባ ገለሞ ሰጥቻለሁ። በእርሳቸው ዕድሜ አይደለም፤ በእኔም አይደለም። በማንም ዕድሜ አትለካም። ለዘላለም የራሳቸው ናት።»

ቀብረዋቸው ሰው ሁሉ ከተበተነ በኋላ እሷ ድንጋዩ አጠገብ ቆየች። ድንጋይ የሰማውን አይረሳም፤ ዛሬም ጆሮውን የጣለበት መንገደኛ ስጦታውን ከሰማ በኋላ የዚያችን ልጅ ድምፅ ይሰማል፦

«አባባ፥ እንዴት ነው እዚያ?»