የቅበላው ቃሬዛ

ቃሬዛው አልተነሣም።

«ባሱ በቅበላ ጠግቦ በልቷል!» አለ ከአራቱ ተሸካሚዎች አንዱ የሆነው አንጥረኛ፤ የመሸታ ቤቱ አዳራሽም በሣቅ ተናወጠ። በዚያ የሞራቪያ ሸለቆ ዐቢይ ጾም ሲገባ ዘፈን ስለሚከለከል፣ ሰው የሚያህለው ባለ አውታር ባስ በዋዜማው አንሶላ ለብሶ፣ በውሸት ልቅሶ ይሸኛል። ዳግመኛ ሲሞክሩ ግን ቃሬዛው ተንገዳግዶ አንሶላው ተንሸራተተ። የተጋደመው ባሱ አልነበረም። ማጅራቱ ተመትቶ የሞተው የመንደሩ የፖልካ ጭፈራ ባንድ መሪ ፍሎሪያን ቮንድራ ነበር።

ቮንድራ አርባ ዓመት ሸለቆውን አስጨፍሯል። እርሱ መለከቱን ያልነፋበት ሠርግ እንደ ሠርግ አይቈጠርም ነበር።

ፖሊሱ ሃምሳ አለቃ ሀናክ በማግስቱ ማለዳ ደረሰ። መንደርተኛው የባስ ተጫዋቹን ኢግናጽን እጅጌው በደም ተነክሮ አግኝቶ፣ በመሸታ ቤቱ ምድር ቤት ቈልፎበታል። ወደ ከተማ የሚወስደው ሠረገላም ተጠርቷል። የሟቹ ልጅ ሉድሚላ በረንዳው ላይ ወዲያና ወዲህ ትንጎራደዳለች።

«ከወሰዱት ይሰቅሉታል፣ ሃምሳ አለቃ። ከፋሲካ በኋላ ልንጋባ ነበር።»

«አባትሽ ፈቅዶ ነበር?»

«ባንዱንም ጭምር ሊያወርሰው ነበር። ትናንት ራት ላይ ነገረን። እኔና ኢግናጽ፣ ክላርኔት ነፊው ዚግሙንድና ባለመሸታው ኦታካር ነበርን።»

ዚግሙንድ ባርኔጣውን በእጁ ያሽከረክራል። «ባሱን በአንሶላ የሸፈነው ኢግናጽ ነው። እጅጌው ደም ነው። ሌላ ምን ይፈልጋሉ?»

«ባንዱን ለአንተ አለመስጠቱ አላስቈጣህም?»

«ሽማግሌው በየቅበላው ለአንድ ሰው ቃል ይገባ ነበር። ማን ያምነዋል?»

ኦታካር ግን ወሬ አያልቅበትም። «ቃሬዛው እኮ ቀልድ ነው፣ ጌታዬ። በአንድ እጅ ቃሬዛ፣ በአንድ እጅ ቢራ ይዘን ነው የምንሄደው። ትናንት ክንዴ ሊገነጠል ነበር፤ ቢራው ሱሪዬ ላይ ተደፋ። ሚስቴ ደግሞ ሌላ ነገር መስሏት...»

«ይበቃል» አለ ሀናክ፤ ከንፈሩ ግን ፈገግ ብሏል።

ወደ አዳራሹ ገባ። ትናንት ሬሳው ከወጣ ወዲህ የረገጠው የለም። በቃሬዛው ዙሪያ የሦስት ብርጭቆ ስባሪ ተበትኗል። በመስኮቱ ደፍ ላይ አንድ ብርጭቆ ቢራ እስከ አፉ ሞልቶ፣ አረፋው ሞቶ ተቀምጧል።

ሁሉንም አስጠራ፤ ኢግናጽንም ከምድር ቤት አስወጣው። የሠረገላው ድምፅ ከውጭ ተሰማ።

«አራታችሁም ተሸካሚዎች፣ ትናንት የነበራችሁበት ቦታ ቁሙ።»

ኢግናጽ፣ ኦታካርና አንጥረኛው በስባሪዎቹ ላይ ቆሙ። ዚግሙንድ ከመስኮቱ አጠገብ ቆመ።

«ኢግናጽ፣ መዳፍህን አሳየኝ።» ቁስሉ ውስጥ የብርጭቆ ስንጣሪ ያብረቀርቃል። ሀናክ ወደ ሌሎቹ ዞረ። «ደሙ የራሱ ነው። ቃሬዛው ሲከብደው ብርጭቆው ከእጁ ወድቆ ተሰበረ፤ ስባሪውን ሲለቅም ቆረጠው። ከብዶት የደነገጠ ሰው ባሱ ተጋድሟል ብሎ ያመነ ነው። ሦስታችሁም ደነገጣችሁ። አራተኛው ግን ከማንሣቱ በፊት ቢራውን አስቀምጦ ሁለት እጁን ነጻ አደረገ። ለምን፣ ዚግሙንድ?»

«አልጠማኝም ነበር።»

«አንተን?» አለ አንጥረኛው። «ቢራ ያልጠማህ?»

ማንም አልሣቀም።

«ምላስህ ዋሽቷል» አለ ሀናክ፤ «እጆችህ ግን ክብደቱን ያውቁ ነበር።»

ዚግሙንድ ቀስ ብሎ ወንበር ላይ ተቀመጠ። «ሃያ ዓመት ከጎኑ ነፋሁ። ባንዱን ለትናንት ልጅ ሰጠ። ከራት በኋላ ለብቻው አግኝቼ ለመንኩት፤ ሣቀብኝ። በፍልጥ መታሁት። ባሱን እንጨት ማስቀመጫው ውስጥ ከትቼ እርሱን ተካሁት፤ በኢግናጽ እንዲላከክ።»

ሠረገላው ዚግሙንድን ይዞ ሄደ። የጾሙ መግቢያ የሆነው የዐመድ ረቡዕ ደወል ተደወለ፤ ሰዉ ግንባሩን ዐመድ ሊቀባ ወደ ቤተ ክርስቲያን ተመመ። ኢግናጽና ሉድሚላ ብቻቸውን ቀሩ።

«አንቺም እኔ ነኝ ብለሽ አምነሽ ነበር?»

«ደሙን ሳይ፣ አዎ። እስኪነጋ ድረስ።»

ኢግናጽ ወደ በሩ ሄደ። ከፈተው እንጂ አልወጣም፤ ነፋሱ እንዳይዘጋው በቆሰለው እጁ ደግፎ፣ እርስዋ ካፖርቷን እስክትደርብ ቆሞ ጠበቃት።