ከጃኩዚው ሥር

መጂዳ ፎጣውን አቀብላው ወጣች። የድምፅ መጥለፊያው ውስጡ ተጠቅልሏል።

ደሴ በደረቱ ተኝቶ እጁን ከአዲሱ ጃኩዚ ሥር ሰደደና መጥለፊያውን ከሞተሩ ጀርባ አጣበቀ። ለመተማ ሰው ቧንቧ ሠራተኛ ነው። ለደኅንነት አለቃው ግን በምስጢር ስሙ «ግራር» ነው።

የቤቱ ጌታ ስሜነህ የሰሊጥ ነጋዴ ይባላል። ከሱዳኗ ገላባት የሚያሻግረው ግን ጠመንጃ ነው። ከተማው የሚጠጣውን ውሃ ከአህያ ጋሪ እየገዛ፣ እሱን ውሃ የሚያፍለቀልቅ ገንዳ አማረው። የምስጢር ወሬውን የሚያወራው መታጠቢያ ቤት ዘግቶ መሆኑን የነገረቻቸው የቤት ሠራተኛው መጂዳ ናት። ጠመንጃውን በየት በኩል እንደሚያሳልፍ ሲታወቅ ወደ ጎንደር እንደሚያወጧት ደሴ ቃል ገብቶላታል።

ጃኩዚ ሳይሞላ ሞተሩ ከተነሣ ይቃጠላል። በበርሜል ውሃ ሞሉት። ሞተሩ ተነሣ። የሚያንጠባጥብ የለም። ደሴ የማፍሰሻውን መክደኛ ነቀለ፤ ውሃው እየተንዶቀዶቀ ወደ ጉድጓዱ ወረደ።

ስሜነህ በሩ ላይ ቆሞ ነበር።

«ውሃውን ደፋኸው?»

ደሴ ስህተቱ ያኔ ገባው። የመተማ ሰው የሙከራ ውሃ በጄሪካን ይቀዳል፤ ልብስ ያጥብበታል፣ ግቢ ይረጭበታል። የሚደፋው እንግዳ ብቻ ነው።

የስሜነህ እጅ ወደ ወገቡ ሄደ።

«እኔ ነኝ ድፋው ያልሁት፣ ጋሼ» አለች መጂዳ ከኋላው። «በረኪና ገብቶበታል።»

ስሜነህ እሷን በጥርጣሬ አየ። እጁን መለሰ።

ደሴ እንደወጣ ለአለቃው ደወለ። መጥለፊያው መተከሉን፣ መጂዳ መጠርጠሯን፣ ዛሬውኑ መውጣት እንዳለባት ነገራቸው። እሺ አሉት።

ከሰዓት በኋላ በተከራየው ቤርጎ ውስጥ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አደረገ። ስሜነህ መጂዳን መታጠቢያ ቤት ዘግቶ እያፋጠጣት ነው። ወሬ አቀባይዋ አንቺ ነሽ ብለው ደወሉልኝ ይላታል።

ይህን ከደሴና ከመጂዳ ሌላ የሚያውቁት አለቃው ብቻ ናቸው። ደወለላቸው።

«እርስዎ ነዎት የደወሉለት?»

«ጥርጣሬው አንድ ሰው ላይ ማረፍ ነበረበት» አሉ አለቃው። «አሁን ልቡ ይረጋል፣ ያወራል። አዳምጥ።»

አዳመጠ። መጂዳ የደሴን ስም አላወጣችም። መጥለፊያው የት እንዳለ ታውቃለች፤ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«ወዴት ነው የምትወስደኝ?»

«ከዕቃው ጋር በገለጉ መንገድ። ጫካው ላይ ትወርጃለሽ።»

«በገለጉ? ዛሬ?»

«ዛሬ።»

ደሴ ለአለቃው ቃል በቃል አስተላለፈ። መኪናው ላይ እሷ አለች፣ አትተኩሱ ብሎ ደጋገመ።

በማግስቱ አለቃው ደወሉ። መሣሪያው ተይዟል።

«ልጅቷስ?»

«ተኩስ ነበር፣ ግራር። አልተረፈችም።»

ማልቀስ እንዳለበት ያውቃል። አልመጣለትም። የመፍቻ ሳጥኑንና ማዳመጫውን ቤርጎው ውስጥ ትቶ ወደ ሸሕዲ ከተማ ሄደ። ማጭድ ገዛ። ለሰሊጥ አጨዳ ከጎጃም ከመጡ የቀን ሠራተኞች ጋር አይሱዙ ላይ ተሳፈረ።

አጠገቡ የተቀመጠው ሰው እዚህ አገር ዘመድ እንዳለው ጠየቀው።

«የለኝም» አለ። «ማንም የለኝም።»