ያልተዘጋችው ስንዝር

በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አይደለሁም፣ ይህንን አስቀድሜ ልንገርህ፤ ደባርቅ ውስጥ ጂን አየሁ፣ ጥላ ተከተለኝ የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ «ትናንት ስንት ጠርሙስ ወረደ?» ብዬ የምስቅበት እኔ ነኝ። ሙያዬ ቀለም ነው፣ ቀለም ቀቢ ደግሞ በዓይኑ ያላየውን አይቀባም። የምነግርህን እንደፈለግህ ተርጉመው፣ ብቻ ዋሸ አትበለኝ፣ ማርያምን አልዋሸሁም።

ዳባት ተወልጄ በጉርምስናዬ ድሬዳዋ ወረድኩ፣ እዚያም ሃያ ዓመት ሙሉ በባቡሩ ወርክሾፕ የዲዝል ሎኮሞቲቭ ቀለም ስቀባ ኖርኩ። ሀዲድ ከሌለበት አገር ሄዶ ባቡር ቀቢ፣ ሳቅ እሺ! የድሮው መስመር ሲቆም ተመልሼ ደባርቅ ገባሁ፣ ዛሬ የሆቴል ታፔላና የጭነት መኪና ስፖንዳ እየቀባሁ እኖራለሁ። ሚስት የለኝም፣ ልጅም የለኝም፣ የነበረኝ አንድ ጌታሁን ነው።

ጌታሁን የድሬ ልጅ ነው፣ ሃያውንም ዓመት አብሮኝ የቀባ። የሎኮሞቲቩን ፊት የምንቀባው ሁለታችን ነበርን፤ በመስታወቱ ሥር የምታልፈውን ቢጫ መስመር እሱ ከቀኝ እኔ ከግራ እንጀምርና መሀል ላይ ስንገናኝ፣ ቀድሞ የደረሰው አንድ ስንዝር ባዶ ትቶ ብሩሹን ለጓደኛው ይዘረጋል፣ ስንዝሯን በዚያው ብሩሽ የሚዘጋት ጓደኛው ነው። የወርክሾፑ ልማድ ነበር፣ ከየት እንደመጣ አልጠየቅንም፣ ብቻ ማንም የራሱን መስመር ራሱ አይዘጋም።

ከተለያየን በኋላ ቀኑን ሙሉ በስልክ ፎቶ እንላላክ ነበር። አዲሱን የኤሌክትሪክ ባቡር አናነሳውም፣ ጠባችን ስለ ዘመናዊ ዲዝል መልክ ነው። እሱ ከየአገሩ አዲስ አዲሱን እየፈለገ ይልክና «አቦ ይህቺን እያት፣ ሙሽራ አይደለችም?» ይለኛል፣ የኔ ደም ይፈላል። ምኗ ነው ሙሽራ! አፍንጫ የላት፣ ግንባር የላት፣ መስታወት የገጠሙላት ቁም ሳጥን! የድሮው እኮ አፍንጫው ወጣ ብሎ፣ መስታወቱ እንደ ዓይን ለሁለት ተከፍሎ ሲመጣ ፊት ነበረው፣ ከሩቅ አይተህ የትኛው እንደሆነ ትለየዋለህ፤ የዛሬዎቹ ግን መስታወቱን በጥቁር ቀለም ከበው ጭምብል ያለብሱታል፣ ጎኑን የአየር መሳቢያ ወንፊት ያደርጉታል፣ ከዚያ ብሩሽ የሚባል ሳይነካው እንደ ሻምፖ ጠርሙስ ተለጣፊ ይለጥፉበታል። «ያረጀውስ ያንተ ዓይን ነው» ይላል ጌታሁን፣ «ጠፍጣፋ ፊት ላይ መስመር ብትስብ እንዴት እንደሚያምር አስበው እስቲ፣ እጅህን አይበላህም?» ለሌላ ሰው የልጅ ጨዋታ ነው፣ ለኔ ግን፣ ሳልደብቅህ፣ የቀኔ ደስታ እሱ ነበር።

አንድ ቀን አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ ዲዝል ላከልኝና «ይህቺን አብረን ብንቀባት» ብሎ ጻፈ። ያን ቀን አንዱ ደንበኛ ሲያቃጥለኝ ውሎ ነበር፣ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ «አንተ ድሮም ዓይን የለህም፣ ሃያ ዓመት ሙሉ ምሳ ስትወጣ ያንተን ወገን እኔ ነበርኩ የማርመው» ብዬ መለስኩለት። ውሸቴን ነው። አንድ ቀን እንኳ ነክቼበት አላውቅም፣ እንዲያውም የሱ እጅ ከኔ ይሻል ነበር። አነበበው፣ አልመለሰም። አንድ ወር ሆነ፣ ሁለት ሆነ፣ ሦስት ሆነ፣ እኔም ይቅርታ በማለት ፈንታ ተኮፈስኩ፣ እሱ ይጀምር እያልኩ። ወዳጄ፣ ብቸኝነት ማለት ምን እንደሆነ ያን ክረምት ገባኝ፣ ደባርቅ ላይ ስለ ሎኮሞቲቭ አፍንጫ ለማን ታወራለህ?

ነሐሴ ላይ ዳባት የአንድ መድኃኒት ቤት ታፔላ ቀባሁ፣ በሰማያዊና በነጭ ብቻ፣ ይህቺን ያዝልኝ። ከሰዓት በኋላ በሚኒባስ ስመለስ ደባርቅ ልንገባ ጥቂት ሲቀረን ጎማ ተነፈሰ። ሾፌሩ «ትንሽ ይታገሡኝ ጋሼ» አለኝ፣ እኔ ደግሞ መቆም አይሆንልኝም፣ «ስትጨርስ መንገድ ላይ ታገኘኛለህ» ብዬው በእግሬ ቀደምኩ። ጉሙ ወርዶ ነበር፣ የነሐሴን ጉም ታውቀዋለህ፣ የዘረጋኸው እጅህ ይጠፋሃል።

መጀመሪያ የሰማሁት ከግራ፣ ከግጦሹ መስክ በኩል፣ የሞተር ድምፅ ነው። ትራክተር ነው አልኩ። ግን ትራክተር ይጣደፋል፣ ይሄ ቀስ ብሎ ነው የሚያጉረመርመው፣ ሎኮሞቲቭ ቆሞ ሲጠብቅ እንደዚያ ነው፣ እመነኝ፣ ከጆሮህ በፊት ጫማህ ይሰማዋል። ጫማዬ ሥር መሬቱ ይርገበገባል። ቀጥሎ ሽታው መጣ፣ አዲስ የዘይት ቀለም ከነቲነሩ። እጄ ይሆናል ብዬ እጄን አሸተትኩ፣ እጄ አይደለም።

ከመንገዱ ወረድኩ፣ ለምን እንደወረድኩ አትጠይቀኝ። ሦስት መብራት አየሁ፣ ሁለቱ ዝቅ ብለው አንዱ ከላይ። ትንሽ ስጠጋ አረንጓዴ፣ ጠፍጣፋ ፊት፣ ጥቁር ጭምብል፣ ያችው እሱ የላከልኝ። በስመ አብ ወወልድ! ከመንኮራኩሩ ሥር ሀዲድ የለም፣ ሣር ነው፣ ሣሩም አልተጨፈለቀም። በመስታወቱ ውስጥ ሰው አይታይም። በመስታወቱ ሥር ግን ቢጫ መስመር አለ፣ ከቀኝ እስከ መሀል፣ ከግራም እስከ መሀል፣ የኔንም ወገን ቀብቶልኛል፤ የጌታሁንን እጅ ሃያ ዓመት አይቼዋለሁ፣ አይጠፋኝም። መሀል ላይ አንድ ስንዝር ባዶ ነው።

አምሮ ነበር። ይህንን ለማንም አልተናገርኩም፣ ላንተ ግን እናገራለሁ፣ እንዳለው አምሮ ነበር።

ቀለም ቀቢ የሆነ ሰው መስመር ካየ መድረቅ አለመድረቁን ሳይነካ አያልፍም፣ እኔም ፍርሃቴ ሳይመጣ እጄ ቀደመኝ፣ በትንሿ ጣቴ ጀርባ ነካሁት። እርጥብ ነው። ያኔ መወጣጫው ላይ ብሩሽ ተጋድሞ አየሁ፣ እጀታው ወደኔ ዞሮ፣ ፀጉሩ ቢጫ ጠግቦ። ጡሩምባው አንዴ ተነፋ፣ አጭር፣ ሰው እንደሚጠራ። ሮጥኩ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በጭቃ፣ ወደ መንገዱ ሮጥኩ።

ሚኒባሷ ደረሰችልኝ። «ጋሼ ምን ሆኑ? ጅብ አዩ እንዴ?» አለ ሾፌሩ።

«መስኩ ላይ የቆመው ምንድን ነው?»

አንገቱን አውጥቶ አየ። «ከጉም በቀር ምንም የለም፣ ኧረ ይግቡ፣ ይበርድዎታል።» ዞሬ አየሁ፣ እውነትም ምንም የለም። መሐረቤን አውጥቼ ጣቴን ጠረግሁ፣ ቢጫ ወጣ።

ቤቴ እንደገባሁ ኩራቴን ጥዬ ደወልኩ። ያነሳችው ልጁ ሰናይት ናት። ድምፄን ስትሰማ አለቀሰች።

«ጋሼ አዳነ፣ የት ጠፋህ? አባዬ ሁለት ሳምንቱ ነው፣ ጭንቅላቱ ውስጥ ደም ፈሶ ተኝቷል፣ አይናገርም። ደግሞ ዛሬ ከሰዓት በኋላ አንድ ነገር ጀመረው፣ ቀኝ እጁን አንሥቶ አየር ላይ ከቀኝ ወደ ግራ ይስባል፣ ከግራ ደግሞ ይመለሳል፣ ከዚያ መሀል ላይ ቆም ይልና እጁን ዘርግቶ ይጠብቃል። ውሃ ስንሰጠው አይቀበል፣ እጁን ስንይዘው አይፈልግ። ምን ፈልጎ ነው ጋሼ?»

«ስልኩን ጆሮው ላይ አድርጊልኝ» አልኳት። የትንፋሹን ድምፅ ሰማሁ። «ጌታሁን፣ ውሸቴን ነው፣ ያንተን ወገን ነክቼበት አላውቅም፣ አምሯል ወንድሜ፣ አይቼዋለሁ፣ መጥቼ እዘጋዋለሁ» አልኩት። ሰናይት ስልኩን መልሳ ስትይዝ ዓይኑን መግለጡን ነገረችኝ፤ እጁ ግን እንደተዘረጋ ነው።

በማግሥቱ ተነሣሁ፣ ግን ከደባርቅ ድሬ ስንት መንገድ እንደሆነ ታውቃለህ፤ በሦስተኛው ቀን አዲስ አበባ ስደርስ አርፏል አሉኝ። ከቀብር በኋላ ሰናይት «እጁን አጥፈን ለመግነዝ ተቸገርን» አለችኝ።

አሁን ጉም በወረደ ቁጥር ብሩሼንና የቢጫ ቆርቆሮዬን ይዤ ወደዚያ መስክ እሄዳለሁ። ሰው አበደ ይላል፣ ይበል። ጫማዬን አውልቄ ጭምር መሬቱ ላይ እቆማለሁ፣ አንድም ቀን አልተርገበገበም። መሐረቡን ግን አልጣልኩትም፣ መሳቢያ ውስጥ አለ። ክረምቱ አልፎ በጋው መጥቶ ዛሬ ጠዋት አውጥቼ በትንሿ ጣቴ ጀርባ ነካሁት፣ እስካሁን አልደረቀም።